የሮቦቲክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ረድቶ የሚለቅ ማሽን

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አባላት ተመዝግበው ተጠሪዎች ተመረጡ፤ የአርዱይኖ (ፕሮግራም ተጭኖበት ሞተሮችን የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ትምህርት ተሰጠ፤ የሳይንስ ሙዚየም ተጎበኘ። የዓመቱ ዋና ሥራ ግን የክርን ማለማመጃው፣ ማለትም ክንዱ የደከመ ሰው ክርኑን ማንሳትና ማውረድ የሚለማመድበት ማሽን ነው። “መጫወቻ ነው” ያሉም ስላሉ አሠራሩን ማስረዳት ይገባናል።

ክንድ የሚያርፍበት ጣውላ ከጠረጴዛው ጋር በማጠፊያ ተያይዟል። ማጠፊያው ላይ ያለው ፖቴንሽዮሜትር የክርኑን ማዕዘን ይለካል፤ ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ማዕዘን ልክ የሚዞር ሞተር) ጣውላውን ወደ ላይ ይስባል። ተለማማጁ ስክሪኑ ላይ የሚወጣና የሚወርድ መስመር በክንዱ ይከተላል። መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት አርዱይኖው እየጠፋ ይነሳ ነበር። ሞተሩ ሲጨነቅ ከ2 አምፔር በላይ ይስባል፤ ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ የሚገኘው ግን ግማሽ አምፔር ነው። ለሞተሩ የራሱን ፓወር ሰፕላይ ሰጥተን የፓወር ሰፕላዩንና የአርዱይኖውን ኔጋቲቭ ስናገናኝ ተስተካከለ።

ሥራውን የለወጠው ከአራት ኪሎ በእግራችን ሄደን የጎበኘነው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው። ባለሙያዋ ስትሮክ የመታቸውን አንድ አባት ክርን ከሥር ደግፋ ታነሳለች፤ ክንዳቸው በራሱ መነሳት ሲጀምር መዳፏን በጣት ውፍረት ዝቅ አድርጋ ትከተላለች። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ “ቲቸር፣ የእኛ ማሽን እኮ አይለቅም” አለች።

እውነቷን ነው። አንጎል እንቅስቃሴን የሚማረው ካሰበው ሲስት፣ ስህተቱን እያየ ነው። ሞተሩ ስህተቱን ሁሉ ካጠፋለት መማሪያ ያጣል፤ ሰውየውም ሳይታወቀው ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ሞተሩንና ጣውላውን ያገናኝ የነበረውን ብረት በገመድ ቀየርነው፤ ክንዱ ሲቀድም ገመዱ ይረግባል። ፕሮግራሙም ክንዱ ከመስመሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ካልዘገየ ሞተሩን አያዝም፤ ለተለማማጁ በተሳካለት ቁጥር ይህ ገደብ ይሰፋል።

ቀኝ እጅ የሚቀናቸውን ተማሪዎች በግራ እጃቸው አለማመድናቸው። ሁልጊዜ የታገዙት በልምምዱ ሰዓት በለጡ፤ በማግስቱ ሞተሩ ጠፍቶ ሲፈተኑ ግን እገዛው እየቀነሰላቸው የሄዱት ቀደሟቸው። ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ማስረጃ አንለውም፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር በ1984 እ.ኤ.አ. አዘውትሮ የሚሰጥ ግብረ መልስ በልምምዱ ሰዓት ቢረዳም በኋላ ያለ እሱ ሲፈተኑ ሊጎዳ እንደሚችል ከጻፉት ጋር ይስማማል።

የፕላስቲክ ጥርስ ያላቸው ሞተሮቻችን ተሰባብረው ያለን ባለ ብረት ጥርሱ አንዱ ብቻ ነው። ለበዓል ድንኳንና ድምፅ ማጉያ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ የሁለት ሞተር ጥያቄያችን ግን ከጥቅምት ጀምሮ መልስ አላገኘም። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ባለ ብረት ጥርስ ሰርቮ ብትገዙልን፣ ወይም ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ብትሰጡን በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውን ማለማመጃ ለእጅ አንጓ እንሠራለን። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፊዚክስ ላብራቶሪ እንገኛለን።