የአያትሽ ሲኒ

ውድ ልጄ፣

የአያትሽ ሲኒ መሰበሩንና ሦስቱን ስባሪ በጨርቅ ጠቅልለሽ ማስቀመጥሽን ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ። ከሱቅ ሙጫ ገዝተሽ ልትለጥፊው ማሰብሽን ግን እባክሽ ተዪው፤ ለክረምቱ ስመጣ እዚህ ኪዮቶ ቅዳሜ ቅዳሜ በምማረው በጃፓኖች አጠጋገን፣ በኪንትሱጊ፣ አብረን እንሠራዋለን።

ቃሉ «በወርቅ መቀጠል» ማለት ሲሆን፣ ስያሜው ሰውን ያሳስታል። ስባሪውን የሚይዘው ኡሩሺ የሚባል ዛፍ ግንዱ ሲጫር የሚያወጣው ፈሳሽ ነው፤ ወርቁ መጨረሻ ላይ የሚነሰነስ ስስ ዱቄት ብቻ ነው። ዛፉ የማንጎ ዘመድ ነው፤ ፈሳሹም ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ ክፉኛ ያሳክካል። እኔም በመጀመሪያው ወር ጓንቴን አውልቄ በመሥራቴ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቼ ሽፍታ ወጥቶባቸው ሰንብተዋል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ምግብም መጠጥም ቢቀርብበት አይጎዳም።

ሥራው የሚጀምረው የስንዴ ዱቄትን በጥቂት ውሃ ለውሶ ከጥሬ ኡሩሺ ጋር በማሸት ነው። ሊጡ ሲሳብ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ሲሆን በስባሪው ጠርዝ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያም ስባሪዎቹ ተጋጥመው ይታሰራሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር እኛ ከለመድነው ተቃራኒ ነው፤ ኡሩሺ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ አይደርቅም። በውስጡ ያለው ኢንዛይም ሥራውን እንዲሠራ እርጥበቱ ከ70 እስከ 85 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። የአዲስ አበባ ክረምት እርጥበቱን ይሰጠናል፤ ብርዱን ግን በሣጥኑ ውስጥ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እያስቀመጥን እንከላከላለን። ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ የተረፈውን ሊጥ በስለት እንፍቃለን፣ ክፍተቱን በደቃቅ የሸክላ አፈርና በኡሩሺ ድብልቅ ሞልተን በውሃ እናለሰልሳለን፣ ከዚያ ጥቁሩን፣ በመጨረሻም ቀዩን ኡሩሺ እንቀባለን። ቀዩ ሳይደርቅ፣ ጣት ላይ ብቻ ያዝ በሚያደርግበት ሰዓት ወርቁ በለስላሳ ብሩሽ ይነሰነሳል። አስተማሪዬ ደጋግመው የሚቆጡኝ ቀለሙን ስለማወፍር ነው፤ ወፍሮ የተቀባ ኡሩሺ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይጨማደዳል፣ ያን ጊዜ ፍቆ እንደገና ከመጀመር በቀር መላ የለውም።

ስለ ታሪኩም ጠይቀሻል። እንደሚተረከው በ15ኛው መቶ ዘመን የጃፓን ወታደራዊ ገዥ (ሾጉን) የነበረው አሺካጋ ዮሺማሳ የተሰነጠቀ አረንጓዴ ጽዋውን እንዲለውጡለት ወደ ቻይና ቢልክ፣ የሚተካከለው ጠፍቶ በብረት መቆንጠጫዎች ተሰፍቶ ተመለሰለት። ብዙዎች ኪንትሱጊ የተወለደው ሾጉኑ በዚያ ብረት በማፈሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አይዋጥልኝም። ጽዋው ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው ከነብረቱ ሲሆን፣ የወጣለትም ስም ብረቶቹን ከትልቅ አንበጣ ጋር የሚያመሳስል የፍቅር ስም ነው። በኡሩሺ ሸክላ መጠገን ደግሞ በጃፓን ከሾጉኖቹ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል።

የጀበናውን አንገትም አብረን እንድንጠግን ያቀረብሽውን ሐሳብ ግን አልስማማበትም። የደረቀ ኡሩሺ ትኩስ ቡና ይችላል፤ እሳት ላይ ሲጣድ ግን ይቃጠላል። ለጀበናው ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄደን አዲስ እንግዛ፤ አያትሽም ቢሆኑ በዕድሜያቸው ስንቱን ጀበና ለውጠዋል።

ከሲኒው ከንፈር የጎደለችውን ቅንጣት ወለሉን ስትጠርጊ አግኝተሻት እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ። ከጠፋች ቦታዋን በጥቂት በጥቂቱ እያደረቅን መሙላት ስለሚኖርብን፣ የመመለሻ ትኬቴን በሁለት ሳምንት አዘገየዋለሁ።

እናትሽ