የዛፍ መውጫ ቀበቶው ወገባችሁን ለሚቆርጣችሁ ደንበኞቻችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከደብረ ብርሃን ሱቃችን ነው የምንጽፍላችሁ። ዛፍ ላይ በቀበቶ ተንጠልጥላችሁ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የምትቆርጡም፣ ለችግኝ ጣቢያ የጽድና የዝግባ ዘር የምትለቅሙም አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትነግሩናላችሁ፤ «ቀበቶው ወገቤን ቆረጠኝ፣ እግሬን አደነዘዘኝ»። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። የልክና የአስተሳሰር ጉዳይ ነው። ያለልኩ የተጫነ ኮርቻ የፈረሱን ጀርባ ገጣባ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

መጀመሪያ ዓይነቱን እንለይ። ሕንፃ ላይ ሲሠራ የሚታሰረው፣ ከጀርባ ቀለበት ያለው ሃርነስ (ሙሉ ሰውነት የሚይዝ ማሰሪያ) የተሠራው የሚወድቅን ሰው ለመያዝ ነው። ተንጠልጥሎ ለመሥራት አይመችም። የዛፍ ቀበቶ ወገቡ ሰፊ ነው፣ የጭን ማሰሪያ አለው፣ ገመዱም ከፊት ነው የሚያያዘው። መለያ ጨርቁን እዩት፤ ለመቀመጫው ኢኤን (የአውሮፓ ደረጃ) 813፣ ለጎን ቀለበቶቹ ኢኤን 358 የሚል ሊኖረው ይገባል። ውድቀት ለመያዝ የሚሠራው ኢኤን 361 ነው። ስለዚህ በዛፍ ቀበቶ ስትሠሩ ገመዳችሁ ከበላያችሁ ይታሰር፣ ሁልጊዜም የተወጠረ ይሁን። የላላ ገመድ ይዞ ወደ ላይ መውጣት አደጋ ነው።

ቀበቶ ቆሞ አይለካም፣ ተንጠልጥሎ ነው። ይሄን አጥብቀን እንናገራለን። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የተመቻችሁ ቀበቶ ክብደታችሁ ሲያርፍበት ሌላ ዕቃ ይሆናል። እግራችሁ መሬት ሊነካ በሚችልበት ከፍታ 15 ደቂቃ ያህል ተቀመጡበት። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል በሉ፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ ዙሩ።

የወገቡ ማሰሪያ ከዳሌ አጥንት በላይ ይቀመጥ። ዝቅ ካለ አጥንቱን ይፈገፍጋል፤ ወደ ጎድን አጥንት ከወጣ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወደ ላይ ሲሸሽ ብዙ ሰው ወገቡን ያጠብቃል። ግን ብዙ ጊዜ የላላው የጭን ማሰሪያ ነው። መዳፋችሁ በጭናችሁና በማሰሪያው መካከል በዝርግ ይግባ፣ ጭብጣችሁ ግን አይግባ። ክብደታችሁ ለጭንና ለወገብ ሲካፈል መቁረጡ ይቀራል።

ዳሌያችሁን ከሁለት ጎን የሚጨምቃችሁ ከሆነ፣ ከፊት ሁለቱን ጎን የምታገናኘውን አጭር ገመድ ተመልከቱ። ልጆቹ ብሪጅ የሚሏት ናት። በጣም ካጠረች ጎኖቹን ወደ መሃል ትስባለች። ትንሽ ስታስረዝሟት መተንፈሻ ታገኛላችሁ። ከልክ በላይ ስትረዝም ግን የመውጫ ቋጠሮው (ገመዱ ላይ እየገፋችሁ የምትወጡበት) ከእጃችሁ ይርቃል፤ ያኔ መውጣቱ ያደክማል። ቶሎ የምታልቀውም እሷው ናት። ክሯ ተነስቶ ፀጉር ካበቀለች ቀይሯት።

የእኛ አገር ብርድ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት በጃኬትና በሹራብ የታሰረ ቀበቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ልብስ ሲወልቅ ይላላል። ወርዳችሁ እንደገና እሰሩት። ስለዚህ ስትገዙ ማሰሪያው በሁለቱም በኩል የሚስተካከልበት ትርፍ ይኑረው፤ ከዘለበቱ ጫፍ ላይ ያለቀ ማሰሪያ አትውሰዱ።

እግር መደንዘዝ ከጀመረ «ይችን ቅርንጫፍ ልጨርስ» አትበሉ። እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ቅርንጫፍ ላይ ቁሙ፣ ካልቀረ ውረዱ። ሳይንቀሳቀሱ ለረዥም ጊዜ መንጠልጠል ደም ወደ ልብ በደንብ እንዳይመለስ ሊያደርግ፣ ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። ስለዚህም ብቻችሁን አትውጡ። ከሥር ሰው ማውረድ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ስፌቱንና ዘለበቱን ከመውጣታችሁ በፊት በየቀኑ እዩ። ቤንዚንና የባትሪ አሲድ አታስነኩት። ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

አዲስ ልትገዙም ሆነ ያላችሁን ልታስተካክሉ ስትመጡ የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ፣ መጋዛችሁን ቀበቶው ላይ አንጠልጥላችሁ ኑ። ሱቃችን ውስጥ መንጠልጠያ አለ። ማስተካከሉ ከእኛ የገዛችሁትም ባይሆን በነፃ ነው።

ከአክብሮት ጋር