አባዬ፣ «ከእነማን ጋር ሆንሽ?» ላልከኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ግፊትህስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሁድ ስልኩ እየተቆራረጠ አጥርቼ የሰማሁት አንዲት ጥያቄህን ብቻ ነው፦ «ለመሆኑ አንቺ ከእነማን ጋር ሆንሽ?» ከዴሞክራቶቹ ነሽ ወይስ ከወግ አጥባቂዎቹ ሪፐብሊካኖች ማለትህ ነው። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ከመድኃኒትህ ጋር ይችን ደብዳቤ ይዞልህ ይመጣል።

የነገሩህ እውነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ሮክቪል፣ ትምህርት ቦርዱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ወጥቻለሁ። የሌሊት ተራዬን ጨርሼ፣ በሥራ ልብሴ ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ነው የሄድኩት። በግራዬ ሂጃብ ያደረጉ እናቶች፣ በቀኜ የእኛው ደብር ሰዎች። አንዷ እንግሊዝኛው አልሞላላት ብሎ ካርቶኗ ላይ በአማርኛ ጽፋ መጥታለች። አንድ ፈረንጅ ፎቶ አንስቶ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። «ልጄን እኔ ላሳድግ» ነው የሚለው፣ አልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ። በ2022 የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለትናንሽ ልጆች፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል ላሉት፣ አዳዲስ የተረት መጻሕፍት አስገቡ። ወንድ የሚያገባ አጎት አለበት፤ ወንድ ነኝ የምትል ልጅ አለችበት። መጀመሪያ ላይ ያልፈለገ ወላጅ ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችል ነበር። በመጋቢት 2023 ይሄ ቀረ ተባለ። የሚወጡት ልጆች በዝተው ለአስተማሪ አስቸገሩ፣ ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያላቸው ልጆችም ይሸማቀቃሉ አሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ምክንያት ቀላል አይደለችም። እመለስባታለሁ።

እኛ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ አላልንም። ንገሩን፣ ልጃችንም ይውጣ፣ ይኸው ነው። ከዚህ አልፎ የሰው ስም የሚያጠፋ አልነበረም አልልህም፤ ነበረ። እዚያ ጋ ፊቴን አዙሬያለሁ።

ከወላጆቹ ጥቂቶቹ፣ ሙስሊም፣ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ ሆነው ከሰሱ። ሁለት ፍርድ ቤት አልሆነላቸውም። ባለፈው ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደላቸው። የፈረደው ዋናውን ክርክር አልነበረም፤ እሱ እስኪያልቅ ግን ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያሳውቅ፣ የፈለገም ልጁን ያስወጣ ተባለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አሊቶ የአሚሾችን የ1972 ፍርድ አንስተዋል። አሚሾች ዛሬም በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ ገበሬዎች ናቸው። ያኔ ልጆቻችንን ከ8ኛ ክፍል በኋላ አንልክም ብለው መንግሥትን ረተዋል። ብታያቸው ትወዳቸው ነበር፤ ማሳቸውን በእንስሳ ነው የሚያርሱት።

አንተ የኬኔዲ ሰው መሆንህን አውቃለሁ። ያስተማረህ ፒስኮር፣ እሱ የላከው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ነው። በ1956 (ይሄ በእኛ ነው) ጃንሆይ ለቀብሩ ዋሽንግተን ድረስ ሲሄዱ ክፍላችሁ ያለቀሰውን ለቅሶ ስንቴ ነግረኸኛል። ላንተ ዴሞክራት ማለት ያ ፎቶ ነው። እዚህ ያለው ግን ተንቀሳቅሷል አባዬ። ኦባማ በ2008 ሲመረጥ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ይል ነበር። በ2015 የሁለት ወንድ ወይም የሁለት ሴት ጋብቻ በሃምሳውም ግዛት ሕግ ሆነ። ሰባት ዓመት! ወግ አጥባቂ የሚባሉትን ሰዎች ቀርቤ ስሰማቸው ግማሹ ብሶታቸው ፍጥነቱ ነው። ትናንት ሁሉም የሚለውን ዛሬ ያለ ሰው እንዴት ክፉ ይባላል ይላሉ። ቨርጂኒያ ላይ በ2021 አንድ ዴሞክራት የገዥነት ተወዳዳሪ ወላጅ ለትምህርት ቤት ምን አስተምሩ ማለት የለበትም ብሎ ተናገረ። በሪፐብሊካኑ ያንግኪን ተሸነፈ። እኔ አልገረመኝም።

ለምን እንዳልገረመኝ ታውቃለህ። በደርግ ጊዜ የሆነውን ነግረኸኛል። ፖለቲካ አስተምር ተብለህ ታስተምራለህ። አንድ ቀን ሲመሻሽ የተማሪህ እናት መጣች፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ቆመች። «ጋሼ፣ ልጄ እግዜር የለም አለኝ። እርስዎ ነዎት ያሉት?» አለችህ። አንተ መልስ አጣህ። ቡና ጠጪ ብትላት እንኳ እምቢ ብላ ሄደች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም ስታነሳው ድምፅህ ይቀየራል።

አሜሪካ ደርግ አይደለችም። በሌሊት በር የቆረቆረብን የለም። ከሰስን፣ ረታን፣ ነገም ሥራ እንገባለን። ግን ሮክቪል የወሰደችኝ ያቺ ሴትዮ ናት። ልጄ ከክፍል ይዞት የሚመጣውን ነገር እኔ ከሌላ ሰው መስማት አልፈልግም።

እመለስባታለሁ ያልኩህን አልረሳሁም። ልጄ አንድ ጓደኛ አለው፤ ጓደኛው ሁለት እናቶች አሉት። ልደቱ ላይ መጡ። አንደኛዋ ጓዳ ገብታ ሳህን አጠበችልኝ። ድፎውን ስቆርስ ከምን እንደሚሠራ ጠይቃ ስልኳ ላይ ጻፈች። ይቺ ሴት ሰልፉ ላይ ብታየኝ ምን ትል ነበር? አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ልጄ ደግሞ «ለምን አባት የለውም?» አለኝ። የመለስኩለት እኔ ነኝ፤ በራሴ አማርኛ፣ በራሴ ሰዓት። የታገልኩት ለዚች ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ዲቪን የሚዘጉት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ብለኸኛል። ናቸው። ትራምፕ ከ2017 ጀምሮ ይቅር ሲል ኖሯል። እኔ ደግሞ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ። የሚያናድደኝ፣ ዲቪን የወለደውን የ1990 ሕግ የፈረመው አባትየው ቡሽ ነው፤ የእነሱው ሪፐብሊካን። ሬገንም በ1986 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ወረቀት ያገኘበትን ሕግ ፈርሟል። ሥልጣኑን ሲሰናበትም አሜሪካን በከተማ መስሎ፣ ይቺ ከተማ አጥር ቢኖራት እንኳ በር አላት፣ መምጣት ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው ብሎ ነበር። የዛሬዎቹ ሬገንን ያወድሳሉ፣ በሩን አያነሱትም። ታዲያ ከእነማን ጋር ነኝ? በትምህርት ቤቱ ነገር ከእነሱ ጋር። በበሩ ነገር አይደለሁም። ባለፈው የፕሬዚዳንት ምርጫ ማንን እንደመረጥኩ ግን አልነግርህም። አንተስ በእኛው በ1997 ምርጫ የመረጥከውን መቼ ነገርከን?

ዲቪ ካልን አይቀር፣ የእህትህን ልጅ ፎርም እኔ እሞላለታለሁ። ወትሮ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ነበር የሚከፈተው፤ ሲከፈት ዝግጁ ይሁን። ከአሁኑ ፓስፖርቱን ያውጣ። ፎቶውን ነጭ ግድግዳ ፊት ይነሳ፤ መነፅሩን ያውልቅ፣ በመነፅር አይቀበሉም። 

ልጅህ