ለቅዳሜው ጨዋታ የትኛውን እንምረጥ?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው። ስንቱን ጊዜ ተጠፋፋን!

ልጆቹን ሰብስበህ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ ታሪክ አብሮ የሚፈጥርበትን ጨዋታ፣ ልትጀምር መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። አንድ ቅዳሜ ጠፈር ላይ፣ በሌላው የአድዋ ዘመቻ ውስጥ፣ ሕጉ ግን አንድ። ለየትኛውም ዓለም ከሚሆኑት ሕጎች፣ ከጉርፕስ፣ ከሳቬጅ ወርልድስና ከፌት፣ የትኛው ይሻላል ላልከኝ የማምንበትን ልንገርህ።

ጉርፕስን ታውቀዋለህ፤ ስቲቭ ጃክሰን ጌምስ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ነው። የትም የሚገኝ ሦስት ተራ ባለ 6 ጎን ዳይስ ይበቃዋል። ሦስቱን ጥለህ ድምሩ ከችሎታህ ቁጥር ካልበለጠ ያሰብከው ተሳካልህ። ችሎታህ 10 ከሆነ ዕድልህ ግማሽ በግማሽ ነው፤ 12 ከሆነ ወደ 74 ከመቶ ይወጣል። ይህ ጥንቃቄው ይማርከኛል። ግን ገጸ ባህሪ ለመሥራት ነጥብ እየቆጠርክ ችሎታ ትገዛለህ፣ ጉድለት እየወሰድክ ነጥብ ታስመልሳለህ። አንተ ሒሳብ ትወዳለህ። ልጆቹ ግን ከሥራ ደክመው ነው የሚመጡት።

ሳቬጅ ወርልድስ ፈጣን ነው፤ ብዙ ሰው የሚዋጋበት ትዕይንት አይከብደውም። ዳይስ ጥለህ 4 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣህ በቃ፣ ተሳካ። የዳይሱን ትልቁን ቁጥር ካመጣህ ደግመህ ጥለህ ትደምራለህ፤ ያኔ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ከባለ 4 እስከ ባለ 12 ጎን ያሉ ዳይሶች ግን ያስፈልጉታል።

እኔ ለእናንተ የምመርጠው ፌትን ነው። እያንዳንዱ ሰው የገጸ ባህሪውን ማንነት በራሱ አባባል ይጽፋል። ለምሳሌ «ውለታ የማይረሳ ነጋዴ» ይላል። ያ አባባል ሲጠቅመው በእጁ ካሉት የፌት ነጥቦች አንዱን ከፍሎ የዳይሱ ውጤት ላይ 2 ይጨምራል። አንተ ደግሞ እንደ ጨዋታ መሪ በዚያው አባባል ታጠምደዋለህ፦ ውለታ የዋለለት ሰው ጠላት ሆኖ ይመጣል። ችግሩን ከተቀበለ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ሰው መከራን አይሸሽም፤ እያወቀ ይገባበታል። ወሬ አዋቂ ለሆኑት ለእነዚያ ልጆች ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እርግጥ ዝም ብሎ «ቀጥሎስ?» እያለ የሚጠብቅ ተጫዋች ካለ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለውን ሰው ከጎንህ አስቀምጠውና ቶሎ ቶሎ ጠይቀው።

የፌት ዳይስ አራት ነው፤ የመደመር፣ የመቀነስና የባዶ ምልክት አለው። ካጣህ በተራ ዳይስ 1 እና 2ን መቀነስ፣ 3 እና 4ን ባዶ፣ 5 እና 6ን መደመር አድርገው። ሕጉ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። አክሰለሬትድ በሚባለው አጭሩ የፌት ሕግ ጀምሩ።

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ ዋናውን ዳይስ እልክልሃለሁ። በየትኛው ዓለም እንደምትጀምሩ ግን አሁኑኑ ጻፍልኝ።

የሚናፍቅህ ወንድምህ