ዝም ያልኩበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም ቴክሳስ፣ ዳላስ ነኝ፤ አሁንም የምተዳደረው በሹፍርና ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ የተጻጻፍነው በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ሻሸመኔ ላይ ቦምብ ይዟል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው በአደባባይ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሰሞን ነበር። ደቦ የእርሻና የአጨዳ መረዳጃ ሆኖ ሳለ «የደቦ ፍርድ» የሚባል ቃል እንዴት ከአፋችን ወጣ ብለህ አዝነህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔም የምኖርበት አገር ሕግን የሚያስከብረው በሕግ የተሾመ ሰው ብቻ መሆኑን በኩራት ጻፍኩልህ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ነገር ያንን ደብዳቤዬን አሳፈረኝ፤ ዝምታዬም ከዚያ የመጣ ነው።

ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በቴክሳስ የጸናው የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ስድስት ሳምንት ገደማ ላይ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ፣ የፅንሱ የልብ ምት ከተሰማ በኋላ ማቋረጥን ይከለክላል። አንተን እንደ ሕግ ሰው የሚያስደነግጥህ ግን ክልከላው ሳይሆን አፈጻጸሙ ነው። ሕጉ ማንኛውም የመንግሥት ባለሥልጣን ወይም ሠራተኛ እንዳያስፈጽመው ያዝዛል፤ በምትኩ የፈለገ ግለሰብ ሁሉ ፅንሱን ያቋረጠውን ሐኪም፣ ወጪውን የሸፈነውንና በማናቸውም መንገድ የተባበረውን ሰው በፍትሐ ብሔር እንዲከስ ይፈቅድለታል። ሴቲቱ አትከሰስም። ከሳሹ ከረታ ለእያንዳንዱ ድርጊት ቢያንስ 10,000 ዶላርና የጠበቃ ወጪውን ያገኛል፤ ከተረታ ግን የተከሳሹን የጠበቃ ወጪ አይከፍልም። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 መሠረት በክሱ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን እንደማይችል 6 ኪሎ አብረን ተምረናል። በቴክሳሱ ሕግ ግን ሴቲቱን አይቷት የማያውቅ፣ ምንም ያልተጎዳ ሰው ከሳሽ መሆን ይችላል።

ይህ የሆነው በስሕተት አይደለም። ሕጉን የቀየሰው ጆናታን ሚቸል ቀድሞ የግዛቲቱ ዋና የፍርድ ቤት ተከራካሪ ጠበቃ የነበረ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ፅንስ የማቋረጥ መብት ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታወቀ ስለነበር፣ ተራ ክልከላ ቢወጣ ዜጎች አስፈጻሚውን ባለሥልጣን ከስሰው ያሳግዱት ነበር፤ አስፈጻሚ ባለሥልጣን ከሌለ ግን የሚከሰስም የሚታገድም የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሕጉ በጸናበት ሌሊት በአምስት ድምፅ ለአራት ሕጉን አላግድም አለ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው፣ ግዛቲቱ ዜጎቿን ገንዘብ ለማግኘት ሰው የሚያሳድዱ አድርጋለች ሲሉ ጻፉ።

ፅንስ ማቋረጥን በሚመለከት የንስሐ አባቴ ያስተማሩኝን ታውቃለህ፤ እምነቴም አልተለወጠም። የምጽፍልህ ስለ እርሱ አይደለም።

እንደ ብዙዎቹ የዳላስ አበሾች እኔም ሰው በማመላለስ ነው የምኖረው። «የተባበረ» የሚለው ቃል አሽከርካሪንም ይጨምራል የሚል ወሬ ወዲያው ተነዛ፤ ኡበርና ሊፍት የተባሉት የመኪና ጥሪ ኩባንያዎች አሽከርካሪዎቻቸው ቢከሰሱ የጠበቃ ወጪያቸውን እንደሚሸፍኑ ማስታወቃቸውም ፍርሃቱ ባዶ እንዳልሆነ ነገረኝ። በዚያው ወር አንድ ማለዳ አንዲት ወጣት ከመኪናዬ ገባች። ጉዞውን ስጀምር አድራሻውን አየሁት፤ ክሊኒኩን አውቀዋለሁ። ለምርመራ ትሂድ፣ ለሥራ ትሂድ፣ እህቷን ለመጠየቅ ትሂድ፣ አላውቅም። መኪናዬ እክል ገጥሟታል ብዬ ዋሸሁና አወረድኳት። በመስተዋት ሳያት ስልኳን ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ማንም አልከሰሰኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። የማያገባኝን ጉዳይ መርምሬ፣ ፈርጄ፣ ቅጣቱንም የፈጸምኩት እኔው ነኝ።

የሕጉም ጉልበት እዚሁ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የተመሠረቱት ክሶች እጅግ ጥቂት ናቸው። አንድ የሳን አንቶኒዮ ሐኪም ሕጉን መተላለፉን በጋዜጣ በግልጽ ሲጽፍ ከአርካንሳስና ከኢሊኖይ የመጡ፣ ነገሩ በምንም የማይነካቸው ሰዎች ከሰሱት፤ የአካባቢው ፍርድ ቤት በ2022 መጨረሻ፣ ያልተጎዳ ሰው ሊከስ አይችልም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ነገር ግን ክሊኒኮቹ ዳኛ ሳያዝዛቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብዛኛውን አገልግሎት አቁመው ነበር። የፀረ ፅንስ ማቋረጥ ድርጅት አንዱ ደግሞ ስም የማይጠየቅበት የጥቆማ መቀበያ ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር። ጥቆማ የሚለውን ቃል ሳነብ የቀበሌያችንን ጠቋሚዎች አስታወስኩ፤ በዚያ ዘመን አባትህ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እራት ይበሉ እንደነበር አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

በእርግጥ ቴክሳስ ላይ ሰው አልተሰቀለም፤ የመጨረሻው ቃል አሁንም የዳኛ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ለሻሸመኔው ሟችም ግፍ ይሆናል። ሆኖም የቀድሞ ባልና ቂመኛ ጎረቤት የሕግ ካባ ለብሰው ሰውን እንዲያሳድዱ መንግሥት ራሱ ገንዘብ ሲያስይዝላቸው፣ የደቦ ፍርድ የሚበቅልበት እርሻ ታርሷል ማለት ነው። በአገራችን ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተሳስረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ መንገደኛም «በሕግ አምላክ» የሚለው የተነሣውን እጅ ለማስቆም ነበር። ቁራኛው ከባድ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ከሳሹም ክብደቱን ይሸከም ነበር። ይኸኛው ሕግ ሸክሙን በሙሉ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላኛውን በነፃ ይሰድዳል።

በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ፍርድ ከሻረ በኋላ በቴክሳስ ፅንስ ማቋረጥ በወንጀል ስለሚያስቀጣ የግለሰብ ክስ ይቀራል ብዬ ነበር፤ አልቀረም። አይዳሆና ኦክላሆማ ከዚያ ፍርድ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ተመሳሳይ ሕግ አውጥተው ነበር። ካሊፎርኒያ ያንኑ ዘዴ የተከለከለ ጦር መሣሪያ በሚሸጡ ላይ አዋለችው፤ ዓላማውን ብደግፍም ዘዴው አስፈራኝ። ሉቦክ የተባለው የቴክሳስ ካውንቲ (አውራጃ) በ2023 በመንገዶቹ ላይ ሴት ለዚህ ጉዳይ ማጓጓዝን በግለሰብ ክስ ከለከለ፤ ይህ በቀጥታ እንጀራዬን የሚነካ ነው። በ2025 የወጣው የቴክሳስ ሕግ ደግሞ የማቋረጫ ክኒን ወደ ግዛቲቱ በሚልኩ ላይ የሚጠየቀውን ገንዘብ ቢያንስ 100,000 ዶላር አደረሰው። ያጽናናኝ አማሪሎ ብቻ ነው። በወግ አጥባቂነቱ የታወቀው የዚያ ከተማ ሕዝብ በ2024 የሉቦክን የመሰለ የመንገድ ደንብ ቀርቦለት በድምፁ ጣለው።

ታላቋ ልጄ በሚመጣው ዓመት የመንጃ ፈቃድ ታወጣለች። ጓደኛዋ አንድ ቀን ተጨንቃ «አድርሽኝ» ብትላት ምን እንድትመልስ ልምከራት? ጠበቃ ነህ፤ አባትም ነህ። የዚያችን ማለዳ ነገር ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ከተቀየምከኝም ተቀይሜሃለሁ ብለህ ጻፍልኝ፤ ብቻ እንደ እኔ ዝም አትበል።

የዘወትር ወዳጅህ