የክፍል ውስጥ ሥራም ይዘገብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የትምህርት ዓምዳችሁን እከታተላለሁ። በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጡ ልጆችን ፎቶ ማውጣታችሁ ደስ ይለኛል፤ ለፍተዋልና ይገባቸዋል። ግን ውጤቱ ከየት እንደሚመጣም አሳዩን።

ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ዓለም አቀፍ ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ትማራለች። በቅርቡ ለወላጆች በተዘጋጀ የሳይንስ ትርኢት ላይ የአምስተኛ ክፍል ልጆች የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠው ጥጥ፣ የተፈጨ ከሰል፣ አሸዋና ጠጠር ደረደሩበት። ከላይ የፈሰሰው ድፍርስ ውሃ ከታች ጠርቶ ወጣ። አጨበጨብን። አንዲት ልጅ ግን «ይጠጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መምህሯ መልሱን አልነገሯትም። «እስቲ አንብባችሁ ድረሱበት» አሉ። ውሃው ቢጠራም ጀርም ሊኖረው ስለሚችል መፍላት እንዳለበት ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ለእኔ ይህ ከሜዳሊያ አያንስም።

እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለአገራችን አዲስ አይደሉም። ቢንግሃም አካዳሚን ሚሲዮናውያን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው።

ከሰልና አሸዋ ደግሞ የትም ይገኛል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ይህን መሥራት ይችላል። እባካችሁ በወር አንድ ገጽ እንኳ ለክፍል ሥራ ስጡ፤ ከግሉም ከመንግሥቱም።

አንዲት ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ