የጭቃ ሥራዎቹ ኮምቦልቻ ከመውረዳቸው በፊት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለእይታ ስለቀረቡት ሰባት የጭቃ ግድግዳዎች ባለፈው እትማችሁ የጥበብ ዓምድ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። ለአንዲት ወጣት ሠዓሊ ሙሉ ገጽ መስጠታችሁ ያስመሰግናችኋል። ጸሐፊው በሥራዎቹ ውስጥ ያሉትን የተፈጥሮ፣ የማንነትና የቤት አሠራር ጥያቄዎች በደንብ አይተዋል። አንድ ቦታ ላይ ግን ስተዋል። ሥራዎቹ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ ስለተባለ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ጸሐፊው የማንነት መከፈል ምልክት ነው ያሉት ስንጥቅ፣ ምርግ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ይናገራል፤ ጭቃው አልተመጠነም፣ አደራረቁም ተጣድፏል። የሠዓሊዋ ማንነት ያለው እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ሌላ ቦታ ነው። ስንጥቁ ካልተያዘ ደግሞ እሱም አብሮ ይረግፋል።

ላላዩት አንባቢዎች፣ እያንዳንዱ ሥራ 120 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአጣና ፍሬም ነው። ፍሬሙ ላይ ማገር፣ ማለትም አግድም የሚደረደር ቀጭን እንጨት፣ ተመቷል፣ ማገሩ ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጭቃ ተመርጓል። አፈሩ ከሦስት ቦታ የመጣ ነው፦ ከጦሳ ሥር ቀዩ፣ ከአዝዋ ገደል በኩል ቡናማው፣ ከቦርከና ዳር ጥቁሩ ዋልካ። በአራቱ ላይ ሠዓሊዋ ትከሻዋን፣ ክርኗን ወይም ጉልበቷን አትማበታለች። ሁለቱ ትንንሽ መስኮት አላቸው። የአምስተኛው ግርጌ ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ ርጥበቱ ወደ ላይ ሲሳብ ያሰመረው መስመር ይታያል።

ስንጥቆቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። በሁለተኛውና በስድስተኛው ሥራ ላይ ያሉት እንደ ደረቀ ኩሬ ፊቱን በየአቅጣጫው ከፋፍለውታል። ይህ የጭቃው መኮማተር ነው፤ ሁለቱም ዋልካ የበዛባቸው ናቸው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። በአራተኛው ላይ ያሉት ደግሞ አግድም የሄዱ፣ ቀጥ ያሉ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ናቸው። ከጀርባ ዞሮ ያየ ሰው ማገሩን ተከትለው እንደሚሄዱ ወዲያው ይገባዋል። ደረቅ ማገር ላይ ርጥብ ጭቃ ሲመረግ እንጨቱ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ ሰንብቶ ሲደርቅ ይቀጥናል። ማገሩ ያለበት ቦታ ጭቃው ስስ ስለሆነ የሚከፈለውም እዚያው ነው። ከመመረጉ በፊት ማገሩን በውሃ ማራስ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የወጣው ነው። ጸሐፊው ከቤት ወደ ውጭ የሚሸሽ መንገድ አድርገው ያዩት ይህንን ነው። አተያዩ ያምራል። ሆኖም የመስኮት ማዕዘን፣ የብሎኬት ቤትም ቢሆን፣ ሁልጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው፤ ግድግዳው ሲኮማተር ጉልበቱ የሚጠራቀመው ማዕዘኑ ላይ ነውና። መፍትሔው 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቃጫ ቁራጭ በማዕዘኑ ላይ አግድሞ በሰያፍ መቅበር ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የመጣውን ነገር ሠዓሊዋ አስባ ያመጣችው ነው ማለት ለእሷም ውለታ አይሆንም። በሚቀጥለው ሥራዋም ይደገማል።

አፈር ሳይፈተን ጭቃ አይቦካም። ፈተናው ርካሽ ነው። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ይሠራል፣ ውስጡ ዘይት ይቀባል፣ ሊመረግ የታሰበው ጭቃ ተጠቅጥቆ ይሞላበታል። በጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆይና የደረቀው ጭቃ ወደ አንድ ጫፍ ተገፍቶ የተረፈው ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃው 5 በመቶ ሸሽቷል ማለት ነው። በ120 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ ያው ጭቃ 6 ሳንቲ ሜትር ልሽሽ ይላል፤ ማገሩ አንቆ ስለያዘው መሸሽ ያቅተውና ይሰነጠቃል። ክፍተቱ ከ1.2 እስከ 1.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ማለትም ከ2 እስከ 3 በመቶ፣ ለምርግ ይሆናል። ብቻውን ያለ ዋልካ ይህንን ፈተና አያልፍም። ሸካራ የወንዝ አሸዋ እየጨመሩ፣ በየመጠኑ አዲስ ሳጥን እየሞሉ መሄድ ነው። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲቪል ምሕንድስና ያስተምራል፤ ሥራዎቹ እዚያ ሲደርሱ ተማሪዎቹ ይህንን ሳጥን ቢሞሉላት ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው።

ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭንና ልል ስለሆነ ከጭቃው ጋር ይተሳሰራል። የገብስ ጭድ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ካልተከተከተ አንድ ቦታ ይቋጠራል። በስድስተኛው ሥራ ቀኝ ጎን የሆነው ይኸው ነው፤ ጭዱ ተቋጥሮ ዙሪያው ባዶ ጭቃ ሆኗል፣ የተሰነጠቀውም ባዶው ነው። ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ጠቅጠቅ ያለ ጭድ መነሻ ይሆናል። ለመጀመሪያው ምርግ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ለማጠናቀቂያው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያላለፈ ጭድ ያስፈልጋል። ከዚያ ጭቃው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቡካ፤ በየሦስት ቀኑ እየተረገጠ፣ ውሃ እየተጨመረበት። ጭዱ ሲለሰልስ ጭቃው እንደ ሊጥ ይሳባል።

በነገራችን ላይ፣ በሰባተኛው ሥራ መሃል ያለውን ግራጫ ጸሐፊው የተቀባ ጥላ አድርገውታል። አልተቀባም። አየር አጥቶ የቦካ ቀይ አፈር ግራጫ ይሆናል፤ ሲደርቅና አየር ሲያገኝ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ማንነቱ እንግዲህ የት አለ? የታተመውን ትከሻ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ጥሩ ሥራም ነው። ሰዓቱን መምረጥ ቀላል አይደለም። ጭቃው ርጥብ ሳለ ከታተመ ይንሸራተታል፣ ከደረቀ በኋላ ከታተመ ዙሪያው እንደ ፀሐይ ጨረር ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ሰዓት አውራ ጣት ሲጫኑት ቅርጹን ይዞ፣ ጣት ላይ ግን የማይጣበቅበት ነው። በመጀመሪያው ሥራ ላይ የቆዳው ሽብሽብ ሳይቀር ታትሟልና ሰዓቱን አግኝታዋለች። ትከሻ ግን የማንም ትከሻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን ሥራ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። የእጇ መዳፍ ጭቃውን ያስኬደበት ቅስት በቅስት ላይ ተደርቦ ይታያል። የትልቁ ቅስት ስፋት የክንዷን ርዝመት ያህል ነው፤ ከዚያ አያልፍም፣ ክንድ ከትከሻ ተነሥቶ የሚዞረው በዚያው ልክ ነውና። አራት ጣቶች አራት ፈር ጥለዋል፤ የትንሿ ጣት ፈር ከሌሎቹ ይጠልቃል። እጇን ባነሣችበት ቦታ ሁሉ እንደ ከንፈር ያለች ትንሽ የጭቃ ጠርዝ ቀርታለች። በቀኙ የሚመርግ ሰው ቅስቱን ወደ ቀኝ አውጥቶ ይጨርሳል፤ የእሷ ከንፈሮች በሙሉ በግራ ናቸው። ግራኝ ናት። ከላይ ረጃጅም የነበሩት ቅስቶች ወደ ታች ሲሄዱ ያጥራሉ፤ ጭቃው በእጇ ሥር እየጠነከረ ሲሄድ ክንዷ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው እያነሰ መጥቷል። መራጊ ይህንን እንደ ፊርማ ያነበዋል።

ቤት አሠራሩም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በወሎ ገጠር ቤት የሚመረገው በጅጌ ነው። አሥር ሰው ይሰለፋል፣ የአንዱ ቅስት በሌላው ላይ ያልፋል፣ ግድግዳው የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። ጸሐፊው ግድግዳዎቹን ከአይጠየፍ አዳራሽ ጋር ማነጻጸራቸው ደስ ይላል፤ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ስሙ እንደሚለው ማንም ሳይጠየፍ ለሁሉም ማዕድ የሚቀርብበት ቤት ነበር። የእሷ ግድግዳዎች ደግሞ አንድ ክንድ ብቻ የደረሰበትን ያህል ናቸው። 120 በ90 የሆኑት ለዚህ ይመስለናል፤ ቢሰፉ ኖሮ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህንን ማየት ከስንጥቁ ይበልጥ ያስደንቃል።

ታስቦበት የተሠራ ጉዳት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አምስተኛውን ማየት ይበቃል። ደሴ ተዳፋት ላይ ስለሆነች የብዙ ቤት ኋላ ግድግዳ ወደ መሬቱ የተቆፈረ ነው። ከበላይ የመጣው ውሃ ቦይ ካላገኘ በግድግዳው ይገባል። የድንጋይ መሠረት የሌለው ጭቃ ውሃውን ከሥር ይስበዋል፤ ውሃው ሲተን ጨው ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። አምስተኛው ይህንኑ ያሳያል፤ መስመሩ እኩል ነው፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ጭቃ ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮ በልክ እንዲገባ ተፈቅዶለታል።

ወደ ጥገናው። ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ስንጥቅ ይተው፤ ጉዳት የለውም። የ50 ሳንቲም ፍራንክ የሚያስገባው ግን ዙሪያው በጣት አጥንት ቀስ ተብሎ ይንኳኳ። ድምፁ ባዶ ከሆነ ጭቃው ከማገሩ ለቋል፤ በመንገድ ላይ ይወድቃል። ስንጥቁ በቢላ ጫፍ ትንሽ ይከፈት፣ ጠርዙ በብሩሽ ይርጠብ፣ በዚያው ሥራ አፈርና በተከተከተ ጭድ የተሠራ፣ ውሃው ያነሰ ጭቃ ይጠቅጠቅበት። በማግሥቱ እንደገና ይጫን። ጄሶና ሲሚንቶ አይነካው፤ ሁለቱም ከጭቃው ይጠነክራሉና ጠርዙን ይዘው ይገነጥሉታል። ስፖንጅም አያስፈልግም፤ ቅስቶቹን አጥቦ አሸዋውን ወደ ላይ ያወጣዋል። በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይሠራ።

ቫርኒሽ ይቀባ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። አይቀባ። ከውስጥ የሚወጣውን ርጥበት ያፍንና ከነጭቃው ይላጣል። የተልባ ዘይት በአኳራጅ አቅጥኖ መቀባት ይቻላል፤ ግን ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ጣራ ሥር ለሚቀመጥ ሥራም አያስፈልግም። ጭቃ ዕድሜ የለውም ለሚል ደግሞ፣ በ2011 ዓ.ም አዲስ አበባ መካኒሳ የተከፈተው፣ መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጉዞው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ወደ 1,850 ሜትር ላይ። አየሩ ሞቃት ነው። ውስጡ ያልደረቀ ግድግዳ እዚያ ሲደርስ ፊቱ ቀድሞ ይደርቅና ያልተሰነጠቀውም ይሰነጠቃል። አንዱ ሥራ ሲመረግ ከ15 እስከ 20 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ደርቆ ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መድረቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ባስኩላ ላይ በየሦስት ቀኑ ይመዘን፤ በሁለት ተከታታይ ሚዛን መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ግራም ሲያንስ ደርቋል።

ሲጫን ተጋድሞ አይሁን። የተጋደመ ፍሬም በየጉድጓዱ ይዘላል፣ መሃሉ ይጎብጣል፣ ጭቃውም ከማገሩ ይለቃል። ከሞራሌ የተሠራ እንደ ጎጆ ጣራ ያለ መደገፊያ ላይ በሁለቱ በኩል ይቁም፣ በመሃሉ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይግባ፣ በገመድ ከፍሬሙ እንጂ ከጭቃው አይታሰር። ባዶ አይሱዙ ይዘላል፤ አሥር ከረጢት አሸዋ ከሥር ቢጫን የዶሮ መዝለያን ጠመዝማዛ መንገድ በልኩ ይወርደዋል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ምስጥ አጣናውን ያገኘዋል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ ይቁም። የተቃጠለ ዘይት ለቤት ምሰሶ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ሽታውም ነጠብጣቡም ፊቱ ላይ ይወጣል። ከአጣናው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከታየ ነቀዝ ነውና ያ ፍሬም ከሌሎቹ ይለይ።

ስድስቱ በዚህ መልክ ሊሄዱ ይችላሉ። ሰባተኛው ግን እዚሁ ደሴ ይቆይ። መሃሉ ግራጫ የሆነው ውስጡ ርጥብ ስለሆነ ነው። ከፀሐይ ርቆ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ተለይቶ፣ ነፋስ ከፊትም ከጀርባም እንዲያገኘው ሆኖ ይቁም። ግራጫው ሲቀላ ባስኩላ ላይ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምርግ፣ የአናጢነትና የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች
ደሴ